ዲመር ስትገዙ ታች ጫፉን እዩት

የራሳችንን አውሮፕላን በእጃችን የምንሠራ ሰዎች ስለ ሞተር፣ ስለ ፕሮፔለር፣ ስለ ክንፍ ስናወራ ብንውል አይደክመንም። የፓነል መብራት ላይ ስንደርስ ግን ወሬው ያጥራል። ዲመር፣ ማለትም ብርሃን ማደብዘዣ፣ ግዛ፣ ግጠም፣ አለቀ። አላለቀም። ማታ ለመብረር የምታስቡ ከሆነ፣ ከፊታችሁ ያሉት መሣሪያዎች ምን ያህል እንደሚበሩ ውጭውን ማየት መቻል አለመቻላችሁን ይወስናል። ስለዚህ በየፓነሉ የሚገጠሙትን የዲመር ዓይነቶች፣ የተጠቀምኩባቸውንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ የፈተሽኳቸውንም፣ እዚህ እገመግማለሁ። የአምራች ስም አልጠራም። አንድ ዓይነት ሰርኪዩት በብዙ ስም ስለሚሸጥ ከስሙ ይልቅ አሠራሩን ብታውቁ ይሻላችኋል።

ፍርዴን ቀድሜ ልናገር። የዲመር ጥራት የሚታየው ታች ጫፉ ላይ፣ ብርሃኑ በጣም ዝቅ ሲል ነው። ሻጩ የሚነግራችሁ ስለ ላይኛው ነው፤ አምስት አምፔር ይችላል፣ አሥር አምፔር ይችላል ይላችኋል። ዛሬ ኤል ኢ ዲ የተገጠመለት ትንሽ ፓነል ሁሉም መብራት ተደምሮ አንድ አምፔር እንኳ ላይሞላ ይችላል። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ማዞሪያውን ሳወርደው ብርሃኑ እስከየት ይወርዳል? ሲወርድስ ለስለስ ብሎ ነው ወይስ እየዘለለ? እዚያ ታች ሳለ ሬድዮዬን ይረብሻል?

ለምን ታች ጫፉ? ዓይናችን ጨለማን የሚለምደው ቀስ ብሎ ነው። በደብዛዛ ብርሃን የሚያዩልን የዓይን ህዋሳት ሙሉ በሙሉ ለመዘጋጀት 30 ደቂቃ ያህል ይፈልጋሉ። ይህን ያህል ጠብቃችሁ ያገኛችሁትን እይታ አንድ ደማቅ መብራት በቅጽበት ይወስደዋል፤ ከዚያ እንደገና መጠበቅ ነው። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከከተማ ርቃችሁ ስትበሩ፣ ጋራዥ ውስጥ ደብዛዛ የመሰላችሁ ፓነል ያፈጥባችኋል። በዚያ ላይ የፊት መስታወቱ ብርሃኑን ይመልሰዋል፤ የከፍታ መለኪያው ምስል ውጭ ሰማዩ ላይ ተንሳፎ ይታያችኋል። በአሜሪካ ለተመሰከረላቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች ለረጅም ዘመን የሠራው የፓርት 23 ደንብ ስለ መሣሪያ መብራት ሲናገር፣ እያንዳንዱ መሣሪያ በቀላሉ ይነበብ፣ ቀጥታ የሚመጣውም ከመስታወት የሚመለሰውም ጨረር የአብራሪው ዓይን ውስጥ አይግባ ይል ነበር። በእጅ የተሠራ አውሮፕላን በዚያ ደንብ አይገደድም። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፤ እኔም የምመዝነው በዚሁ ነው።

ከአሮጌው ልጀምር፣ ከሪዮስታት። ሽቦ የተጠመጠመበት ተለዋዋጭ ሬዚስተር ነው። ከአምፖሎቹ ጋር በተከታታይ ይገባል፣ ስታዞሩት ለጅረቱ ያለው ተቃውሞ ይጨምራል፣ አምፖሉ ይደበዝዛል። ምንም ኤሌክትሮኒክስ የለውም፤ ሬድዮ አይረብሽም፤ ሲበላሽ የት እንደተበላሸ በዓይን ይታያል። በዚህ አከብረዋለሁ። ግን ያልተፈለገውን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ ከፓነሉ ጀርባ ይለቀዋል። ደግሞም የሚሠራው ለተመደበለት ጭነት ብቻ ነው። ለባለ ክር አምፖሎች የተመረጠ ሪዮስታት፣ አምፖሎቹ በኤል ኢ ዲ ሲተኩ የሚያልፍበት ጅረት በጣም ስለሚቀንስ፣ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻ ብታዞሩትም ብርሃኑ ንቅንቅ አይልም። ያገለገለ አውሮፕላን ገዝቶ መብራቱን ወደ ኤል ኢ ዲ የቀየረ ሰው "ዲመሬ ተበላሸ" ካላችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ለአዲስ ሥራ አልመክረውም።

ሁለተኛው ብዙዎቻችን ራሳችን በየጠረጴዛችን የምንበይደው ነው፤ ኤል ኤም 317 በሚባለው ቺፕ የሚሠራው የቮልት መቆጣጠሪያ። አንድ ቺፕ፣ ሁለት ሬዚስተር፣ ሁለት ካፓሲተር፣ አንድ ማዞሪያ። እስከ 1.5 አምፔር ያሳልፋል። የሚያወጣው ንጹሕና የማይቆራረጥ ቮልት ስለሆነ ሬድዮ ላይ ምንም ድምፅ አይፈጥርም። ባለ ክር አምፖል ላላቸው መሣሪያዎች እስካሁን ከዚህ የተሻለ አላየሁም። አምፖሉ ቮልቱ ሲቀንስ በለስላሳ ይወርዳል፣ ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ እየሞቀ ይሄዳል፤ ለማታ የሚመች ብርሃን ነው።

ሙቀቱን ግን ቀድማችሁ አስሉ። የአውሮፕላኑ መስመር 14 ቮልት ሆኖ ለመብራቱ 7 ቮልት ብትሰጡት፣ ግማሽ አምፔር ሲያልፍ ቺፑ ላይ የሚቀረው 3.5 ዋት ነው። ትንሽ ይመስላል። ሙቀት ማራገፊያ ብረት ከሌለው ግን ቺፑ ራሱን ለማዳን ይዘጋል፣ ሲበርድ ይነሳል፣ እንደገና ይዘጋል። ማታ አየር ላይ ፓነላችሁ በየተራ ሲጠፋና ሲበራ አስቡት። ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ የቺፑ የጀርባ ብረት ከመውጫው ቮልት ጋር የተገናኘ መሆኑ ነው። ያለ መከላከያ ወረቀት በቀጥታ በአውሮፕላኑ አልሙኒየም ላይ በብሎን ካሰራችሁት መውጫውን ከግራውንድ (ከኔጋቲቩ) ጋር አጣበቃችሁት ማለት ነው።

ለኤል ኢ ዲ ደግሞ ሌላ ችግር አለው። የ12 ቮልት ነጭ የኤል ኢ ዲ ስትሪፕ (ኤል ኢ ዲ የተደረደረበት ጥብጣብ) ብዙውን ጊዜ ሦስት ሦስት ኤል ኢ ዲ በተከታታይ ከአንድ ሬዚስተር ጋር ነው። እያንዳንዱ ነጭ ኤል ኢ ዲ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ቮልቱ ከ9 አካባቢ ወደ ታች ሲሄድ ብርሃኑ ቶሎ ይሞታል። ማዞሪያው ሰፊ መንገድ ይዞራል፣ ሥራ ያለው ግን አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ነው። እዚያችን ጠባብ ቦታ በሚንቀጠቀጥ አውሮፕላን ውስጥ በጣታችሁ ልክ ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ስትሪፕ ቀድሞ ይጠፋል፣ ሌላው ገና ይበራል። ታች ጫፉ ላይ የወደቀ ዕቃ የምለው ይህን ነው፤ ጥፋቱ የቺፑ አይደለም፣ ለኤል ኢ ዲ የቮልት መቀነስ ትክክለኛው መንገድ ስላልሆነ ነው።

ሦስተኛው ርካሹ ነው። ለቤት ጌጥ የኤል ኢ ዲ ስትሪፕ የሚሸጠው ትንሹ ሣጥን። ዋጋው ያጓጓል፣ ሰውም "ያው አንድ ነው" ይላል። አንድ አይደለም። ከእነዚህ አብዛኞቹ ፖዘቲቩን እንዳለ ያሳልፉና የሚቆራርጡት ኔጋቲቩን ነው። አውሮፕላን ላይ ግን ብዙ የመሣሪያ መብራቶች ኔጋቲቫቸውን የሚያገኙት በራሳቸው አካል በኩል፣ ከብረቱ ፓነል ነው። እንዲህ ያለ መብራት ዲመሩን አያውቀውም፤ ማዞሪያውን አውርዳችሁም ሙሉ በሙሉ ይበራል። በተጨማሪ ሣጥኑ የተሠራው ለተረጋጋ 12 ቮልት ነው። የእኛ "12 ቮልት" አልተርኔተሩ (በሞተሩ የሚዞረው ኤሌክትሪክ አመንጪ) ሲሠራ 14 አካባቢ ነው፣ የቮልት መቆጣጠሪያው ከተበላሸ ደግሞ ከዚያም በላይ ይወጣል። ለሬድዮ ጭረት የሚደረግ ጥንቃቄም ውስጡ አይገኝም። ጠረጴዛ ላይ ለመማሪያ ይሁን። አውሮፕላን ላይ አልገጥመውም፣ ማንም እንዲገጥመው አልመክርም።

አሁን ወደ ዋናው። ለአውሮፕላን ተብሎ የሚሠራው፣ ፒ ደብሊው ኤም የሚባለው ዓይነት። ቮልቱን አይቀንስም። በሰከንድ መቶዎች ጊዜ ያበራል ያጠፋል፤ የበራበት ጊዜ ከጠፋበት ሲያንስ ዓይን ደብዛዛ አድርጎ ያየዋል። ውስጡ ያለው ትራንዚስተር ወይ ሙሉ ክፍት ወይ ሙሉ ዝግ ስለሆነ የሚያባክነው ኃይል በጣም ትንሽ ነው፤ ሁለት አምፔር አሳልፎ እንኳ በእጅ ብትነኩት ብዙ አይሞቅም። ኤል ኢ ዲው በበራ ቁጥር የሚያገኘው ሙሉ ቮልቱን ስለሆነ ሁሉም ስትሪፕ እኩል ይወርዳል፣ ቀለሙም ብዙ አይለወጥም። ፓነሌ ላይ ያለው ይህ ዓይነት ነው፣ አራት ቻናል (ለየብቻ የሚስተካከል የመብራት መውጫ) ያለው። የሚቆራርጠው ፖዘቲቩን ነው፤ ስለዚህ በአካላቸው ግራውንድ የሚያገኙትን መሣሪያዎችም ያለ ምንም ችግር ይቆጣጠራል።

ጥሩውን ከመካከለኛው የሚለየው የመጀመሪያ ነገር የማዞሪያው አካሄድ ነው። ዓይናችን ብርሃንን የሚለካው በቀጥታ መስመር አይደለም። የበራበትን ጊዜ በግማሽ ብትቀንሱት ብርሃኑ ግማሽ አይመስልም፤ ትንሽ ዝቅ ያለ ብቻ ይመስላል። ስለዚህ ማዞሪያውን በቀጥታ ከጊዜው ጋር ያያዘ ዲመር፣ ለላይኛው ብርሃን ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ለማታ የምንፈልገውን ሁሉ ታች ላይ አንዲት ጠባብ ቦታ ውስጥ ያጭቀዋል። ያሰበበት አምራች አካሄዱን ከዓይን ጋር ያስማማዋል፤ ማዞሪያው ታች ላይ ረጅም ይሄዳል።

ሁለተኛው የደረጃው ብዛት ነው። ብዙ ርካሽ ዲጂታል ዲመሮች ከጠፋበት እስከ ሙሉ ያለውን በ255 ደረጃ ይከፍሉታል። ብዙ ይመስላል አይደል? ላይኛው ጫፍ ላይ ከ254 ወደ 255 ስትሄዱ ለውጡ አይታይም። ታች ግን ከ1 ወደ 2 መሄድ ማለት ብርሃኑ በአንዴ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ጨለማ በለመደ ዓይን ይህ ዝላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የምትፈልጉት ልክ በሁለቱ መካከል ከሆነ አታገኙትም፣ ወይ በዛ ወይ አነሰ። እኔ የገጠምኩት ይህ ዝላይ የለውም፤ ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነውም በዚህ ነው። ገና ሳትገዙ "ዝቅተኛው ስንት በመቶ ነው፣ ደረጃውስ ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የማያውቅ ሻጭ ካጋጠማችሁ ዕቃውን በራሳችሁ እስክትፈትሹ አትመኑት።

ሦስተኛው ፍጥነቱ ነው። አብርቶ ማጥፋቱ በጣም ቀርፋፋ ከሆነ ዓይን ቀጥታ ሲያየው ባያውቀውም ሲንቀሳቀስ ያውቀዋል። የመሣሪያ በረራ (ውጭውን ሳይሆን መለኪያዎችን እያዩ መብረር) ስትበሩ ዓይናችሁ ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው ያለማቋረጥ ይዘላል፤ በዚያ ዝላይ መካከል ቀስ ብሎ የሚቆራረጥ ኤል ኢ ዲ እንደ ተቆራረጠ የነጥብ መስመር ይታያል። ያደክማል። የስልክ ካሜራ ላይም ፓነሉ መስመር መስመር ሆኖ ይታያል። በጣም ማፍጠንም መፍትሔ አይሆንም፣ ምክንያቱም በሰከንድ ብዙ ጊዜ በከፈተና በዘጋ ቁጥር የሚፈጥረው የሬድዮ ጭረት ይበዛል። ጥቂት መቶ ኸርዝ አካባቢ (በሰከንድ ጥቂት መቶ ጊዜ) የሚሠሩትን ለእኔ ዓይን ምቹ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

ሬድዮን ካነሳን እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፒ ደብሊው ኤምን የሚጠላው በዚህ ነው። የአውሮፕላን የድምፅ ሬድዮ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ በኤ ኤም (ድምፁን የሞገዱን ጉልበት በመለዋወጥ በሚልክ ዘዴ) ነው የሚሠራው፤ ኤ ኤም ደግሞ ለኤሌክትሪክ ጭረት ስስ ነው። ትራንዚስተሩ በድንገት ክፍት ዝግ ሲል ጠርዙ በጣም ስለታም ከሆነ፣ ረጅሙ የመብራት ሽቦ ራሱ አንቴና ይሆንና ጭረቱን ይረጨዋል። የሚያስብ አምራች ጠርዙን ሆን ብሎ ያለዝበዋል፣ መግቢያው ላይም ማጣሪያ ያስገባል። ዲኦ 160 በሚባለው የአውሮፕላን ዕቃዎች መፈተሻ መስፈርት ያስፈተሸ ከሆነ ደግሞ በኩራት ይጽፈዋል፤ ለእኛ ግዴታ ባይሆንም ምልክቱ ጥሩ ነው።

ሌላው ዓይነት ረብሻ በሄድሴት ውስጥ የሚሰማው ፉጨት ነው። ምንጩን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ሞተሩ ሳይነሳ በባትሪ ብቻ ሬድዮውንና ኢንተርኮሙን ክፈቱ። ማዞሪያውን ከታች እስከ ላይ ቀስ ብላችሁ ውሰዱት። ፉጨቱ መካከል ላይ ኖሮ ላይኛው ጫፍ ላይ ከጠፋ ጥፋቱ የዲመሩ ነው፤ ምክንያቱም ሙሉ ሲበራ መቆራረጡ ይቆማል። ሞተሩ ሲነሳ የሚመጣና ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ የሚቀጥን ከሆነ ግን ምንጩ አልተርኔተሩ ነው፣ ዲመሩን ተዉት። የዲመሩ ሆኖ ሲገኝም ወዲያው ዕቃውን አትወንጅሉ። የመብራቱን ሽቦ ከማይክራፎንና ከሄድሴት ሽቦዎች አርቁት። መሄጃና መመለሻውን አንድ ላይ ጠምዝዙት። የመብራቶቹን ግራውንድ ወደ አንድ ነጥብ ሰብስቡ። የሄድሴት ሶኬቶቹን በመከላከያ ቀለበት ከፓነሉ ብረት ለዩአቸው። በዚህ ብቻ የሚጠፋ ፉጨት ብዙ ነው።

ፓነሌ ላይ በገጠምኩት ዲመር ቅሬታም አለኝ። የየቻናሉን ብርሃን እርስ በርስ የምታስተካክሉባቸው ትንንሽ ብሎኖች ያሉት ሣጥኑ ጎን ላይ ነው። ሣጥኑ ፓነል ጀርባ ከገባ በኋላ እነሱን ለመድረስ ወንበር ስር ጋደም ብሎ እጅን ማጠፍ ያስፈልጋል፤ ማስተካከሉ ደግሞ የሚሠራው ማታ በጨለማ ነው። ወደ ፊት ቢያዞሯቸው ኖሮ ትልቅ ውለታ ነበር። የማዞሪያው ሽቦም አጭር ነው፣ መቀጠል ግድ ሆነ። የአጠቃቀም ወረቀቱ ስለ ሽቦው አገጣጠም በደንብ ይናገራል፤ ስለ ግራውንድ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ያለው፣ ያ ደግሞ ዋናው ነገር ነው።

አራት ቻናል ያስፈልጋል ወይ ለምትሉ፣ ባለ ክር አምፖልና ኤል ኢ ዲ ከቀላቀላችሁ አዎ። ሁለቱ በአንድ ማዞሪያ እኩል አይወርዱም። አምፖሉ ቀድሞ ወደ ቀይ ሄዶ ሲጠፋ ኤል ኢ ዲው ገና ያበራል። በየቻናሉ ለይታችሁ ብታስተካክሏቸው አብረው ይወርዳሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ኤል ኢ ዲ ከሆነ ግን አንድ ወይም ሁለት ቻናል ይበቃል፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ኢ ኤል የሚባለው ስስ አብሪ ንጣፍ ካላችሁ እሱ የሚሠራው በራሱ ኢንቨርተር በሚመጣ ተለዋዋጭ ጅረት ነውና እዚህ ውስጥ አታስገቡት።

ስክሪን ያላችሁ ደግሞ ይህን አንብቡልኝ። ብዙ ጂፒኤሶችና ሬድዮዎች የፓነሉን የመብራት መስመር የሚያነቡበት አንድ ሽቦ አላቸው፤ እዚያ ያለውን ቮልት አይተው ስክሪናቸውን ያደበዝዛሉ። የሚጠብቁት የተረጋጋ ቮልት ከሆነና እናንተ የሚቆራረጥ ከላካችሁላቸው፣ ብርሃናቸው ሊዋዥቅ ወይም ጨርሶ ላይታዘዝ ይችላል። የመሣሪያውን መግጠሚያ መመሪያ ሳታነቡ አታገናኙ። ለዚሁ ብሎ የተረጋጋ ቮልት የሚያወጣ ተጨማሪ መውጫ ያለው ዲመር አለ፤ ስክሪን የሞላበት ፓነል ለሚሠራ ሰው ከቻናል ብዛት ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል። ካለበለዚያ በስክሪኑ በራሱ ብርሃን ለኪ መተማመን ነው።

ስለ ቀለም ሁልጊዜ ክርክር አለ። ቀይ ብርሃን ጨለማ የለመደ ዓይንን ብዙም አይጎዳም፣ እውነት ነው። ግን ቀይ ብርሃን ውስጥ ካርታ ላይ ያሉት ቀይና ማጀንታ መስመሮች ይጠፋሉ፣ ኢንስትሩመንት ላይ ያለው ቀይ የወሰን ምልክትም ከነጩ አይለይም። እኔ በጣም ዝቅ ያለ ነጭ እመርጣለሁ። ይህ የሚሆነው ግን ዲመሩ በእውነት ዝቅ ማለት ሲችል ነው፤ ታች መውረድ የማይችል ዲመር ካላችሁ ቀይ ብትጠቀሙ ይሻላችኋል።

ፍተሻውን ፓነል ውስጥ ሳይገባ አድርጉት። መጋረጃ በተዘጋ ክፍል፣ አንድ ባትሪ፣ ዲመሩ፣ የምትገጥሙት መብራት ራሱ። ስልካችሁን አርቁት፣ ግማሽ ሰዓት በጨለማ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ብቻ ማዞሪያውን ከዜሮ ጀምራችሁ በዝግታ አንሱ። መጀመሪያ የሚታየው ብርሃን ከጨለማው ለስለስ ብሎ ይወጣል ወይስ በድንገት ይፈነዳል? ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ መለኪያ ማንበብ ይቻላል? መብራቱ እያለ ዓይናችሁን በፍጥነት ግራና ቀኝ ብትወስዱ ነጥብ ነጥብ ይታያል? በጠራራ ፀሐይ ቆሞ የተሰጠ የዲመር ግምገማ አልቀበልም።

የማስጠንቀቂያ መብራቶችን ከዚህ ዲመር ጋር አታገናኙ። የዘይት ግፊት ሲወድቅ ወይም አልተርኔተሩ ሲያቆም የሚበራው መብራት ቀን ለፀሐይ የሚበቃ ድምቀት፣ ማታ ደግሞ ዓይን የማያጠፋ ደረጃ ይፈልጋል። ለእነሱ ባለ ሁለት ቦታ የቀንና የማታ ማብሪያ ይበቃል። ዋናው ነገር ወደ ዜሮ መውረድ እንዳይችሉ ነው።

ዲመሩ ቢሞትስ? የማዞሪያው መካከለኛ ሽቦ ቢቆረጥ ምን እንደሚሆን አምራቹን ጠይቁ። አንዳንዱ ሙሉ ያበራል፣ አንዳንዱ ይጠፋል። ሁለቱም ማታ አይመቹም፣ ግን ከሁለቱ ሙሉ ማብራቱን እመርጣለሁ፤ ዓይኔ ቢጨልምም መለኪያዬን አነባለሁ። ሁሉንም መሣሪያ ከላይ ሆና በስሱ የምታበራ አንዲት ትንሽ መብራት ጨምሩ፤ የግንባር ባትሪ መብራትም እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ያቺ ትንሽ መብራት የራሷ ማብሪያና የራሷ ፊውዝ ይኑራት፣ ከዲመሩ ጋር አንድ መስመር አትጋራ።